የሰባተኛ ቢ «ጊቭ አፕ»

ለቅሶ ልደርስ እየሄድኩ ሳቄ አመለጠኝ። ከሐዋሳ ያመጣኝ ሚኒባስ ሶዶ መናኸሪያ አውርዶኝ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ፊቴን አጨልሜ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ከፊታችን ይሄድ የነበረ ሌላ ባጃጅ ሰው ለመጫን ድንገት ቆመና የእኛም ሾፌር ፍሬን ሲይዝ፣ ዓይኔ የፊተኛው ባጃጅ ጀርባ ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ ላይ አረፈ። አፉን የከፈተ አንበሳ አለ፤ ከአንበሳው ሥር በቀይ የእንግሊዝኛ ፊደል «ኔቨር ጊቭ አፕ» ተብሎ ተጽፏል። ሳቁ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ብቻ አፌን በነጠላዬ ይዤ እንኳ ልመልሰው አልቻልኩም።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ማዘር፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማዘር መባሉ ብቻ ያስኮርፈኝ ነበር። «ጽሑፉ ነው ያሳቀኝ» ስለው፣ እንግሊዝኛ የማላውቅ መስሎት በትህትና «ተስፋ አትቁረጥ ማለት ነው» ብሎ አስረዳኝ። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ትርጉም ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሰዉን የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ማህተሜን አሳርፍበታለሁ። ቢሆንም ሾፌሩን አመሰገንኩት። እኔ በተማርኩበት ክፍል ያ ጽሑፍ «ለእግዚአብሔር በፍጹም አትስጥ» ማለት እንደነበር ብነግረው ያበድኩ ነበር የሚመስለው። እንዲያ ብሎ ያስተማረን የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር አንጁሎ ነው፤ የምሄደውም የእሱ ለቅሶ ነበር። ቀብሩ ስላመለጠኝ ልጁን ምሕረትን ላጽናና ነው የመጣሁት።

የእኛ ሰባተኛ ቢ ከኦቶና ሆስፒታል በላይ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ጫፍ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የነበረ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ዳሞታ ተራራ አናቱ ላይ ደመና መከመር ሲጀምር እናውቃለን፤ ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጠዋል፣ ያኔ የመምህር ድምፅ አይሰማምና ትምህርቱ ሁሉ ወደ ሰሌዳ ይዛወራል። የእርጥብ ሹራብ፣ የጠመኔ፣ የጭቃ ጫማ፣ ደግሞ በየኪሱ ተደብቆ የመጣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ፣ ዛሬም ዝናብ በጣለ ቁጥር አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። መጽሐፍ የሚታደለው ለሦስት ልጅ አንድ ነበር። የእኔ ተካፋይ ዶርቃ ናት፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን የምታወጣ፣ ሳይፈቀድላት የምትመልስ፣ ተሳስታም የማታፍር ልጅ ነበረች። ሦስተኛው ልጃችን ብዙ ጊዜ ስለሚቀር መጽሐፉ የእኛው ነበር ማለት ይቻላል።

ቲቸር አንጁሎ አጭር ሰው ነው፤ ቡናማ ኮቱ ግን ለረጅም ሰው የተሰፋ ነበር። ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ስለሚከት የቀኝ ኪሱ ሁልጊዜ ነጭ ነው። በየጠዋቱ ከዳሞታ ግርጌ ካለች መንደር በእግሩ ወርዶ፣ ጫማውን በቅጠል ጠርጎ፣ ደወሉ ሳይደወል ክፍል በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አማርኛን የተማረው እንደ እኔ ከእናቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ስለነበር፣ በእሱ አፍ ሴት የሚባል ነገር የለም፤ ሁላችንም ወንድ ነን። እኔን «አንተ ታደለች፣ ና ወደ ሰሌዳ» ይለኛል። አያቶቻችን ለሥራ ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩ እኛ ጥቂት የከተማ ልጆች፣ አማርኛ የእኛ የግል ንብረት ይመስል፣ እረፍት ሰዓት ላይ ንግግሩን እየደገምን እንስቅ ነበር። እሱን በመምሰል ደግሞ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰሌዳው አጠገብ ቆሜ «አንተ ዶርቃ፣ ተቀመጥ» እያልኩ ክፍሉን ሳስቅ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ዘወር ስል በሩ ላይ ቆሟል። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ገባና ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ፤ «ጎበዝ፣ ድምፅህ ጥሩ ነው» አለኝ። ቀጥሎም ለሁላችንም እንዲህ አለን፤ «እኔ እንግሊዝኛ ለምን ወደድኩ መሰላችሁ? ‹ዩ› ወንድ አይልም፣ ሴት አይልም። ሰው ያርፋል።» ይህን የተናገረው እየሳቀ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ በአማርኛው ቀልጄ አላውቅም ብል ግን እዋሻለሁ፤ ቀልጃለሁ፣ ብቻ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

የቲቸር አንጁሎ ትልቁ ትምህርት «ባለጭራ ግስ» ነበር። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን ብቻውን አይልከውም፣ ጭራ አስይዞ ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ግሱ ቢያመልጣችሁ ጭራውን ያዙ፣ ጭራው ወደሚያሳየው ሂዱ፣ ትርጉሙ እዚያ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ ይለን ነበር። ደግሞ ሁሉንም እየሠራ ነው የሚያሳየን። «ስታንድ አፕ» ሲል ይነሣል፤ «ሲት ዳውን» ሲል ይቀመጣል፤ «ቴክ ኦፍ» ሲል ኮቱን ያወልቃል፤ «ፑት ኦን» ሲል መልሶ ይለብሳል። እኛም ያልገባን መስለን «ቴክ ኦፍ»ን ደጋግመን እንጠይቀዋለን፤ ክርኑ ላይ የተቀደደውን ሹራቡን ለማየት ነው። «ጎ አውት»ን ሊያሳየን ከክፍል የወጣ ቀን ነፋሱ በሩን ከኋላው ዘጋው፤ በሩም ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ነበር። አንኳኳ። ማናችንም አልተነሣንም፤ በአንድ ድምፅ «ኮም ኢን!» አልነው። እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ከውጭ ሆኖ በሩን ተደግፎ ሲስቅ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ነበር።

መጽሐፉን ከኋላ ነው የሚጀምረው። «ከባዱን ገና ሳትደክሙ» ይላል። የመጨረሻው ምንባብ ጎርፍ በቆሎውን ስለወሰደበት አንድ ገበሬ ነበር። ገበሬው ይዘራል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ደግሞ ይዘራል፣ ደግሞ ይወስደዋል፤ ከዚያም «ዘ ፋርመር ዲድ ኖት ጊቭ አፕ» ይላል። ቀጥሎ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። መጽሐፎቹ ከእኛ በፊት በስንት እጅ ያለፉ ነበሩና የሁሉም የመጨረሻ ቅጠል ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ የመምህሩም ጭምር።

«ቲቸር፣ ጊቭ አፕ ምን ማለት ነው?» አለች ዶርቃ።

ቲቸር አንጁሎ መጽሐፉን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ያን አስተያየት ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛው ፊቴ ተቀምጦ የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ እኔም ጣሪያውን ነው የማየው። ያኔ ግን የሚያስብ መስሎኝ ነበር። ድንገት ፊቱ በራ።

«ጊቭ?»

«መስጠት!» አልን ሁላችንም።

«አፕ?»

«ወደ ላይ!»

«እሺ፣ ወደ ላይ የሚሰጠው ለማን ነው?»

«ለጦሳ!» አለች ዶርቃ በወላይትኛ፣ እንደተለመደው ማንንም ሳትጠብቅ። እኛ የከተማዎቹ «ለእግዚአብሔር!» አልን። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በአንድ ቃል የተስማማበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። ቲቸር አንጁሎ ቀኝ መዳፉን ከፍቶ፣ አፉ ድረስ ውኃ የሞላ ጣሳ እንደሚያነሣ ሰው ቀስ አድርጎ እስከ ግንባሩ ከፍ አደረገውና «ጊቭ አፕ» አለ። እኛም መዳፋችንን ከፍተን አነሣን። የገበሬውም ነገር ወዲያው ተፈታልን። ከበቆሎው ለእግዚአብሔር አልሰጠም፣ ስለዚህ ነው ጎርፉ የተመላለሰበት። ያን ዓመት ሙሉ ስሙን «ስስታሙ ገበሬ» ብለነው ከረምን።

ቃሉ ከክፍል ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። እነ ዶርቃ ግቢ መጀመሪያ የበሰለው አቮካዶ በሰሐን ተደርጎ ለቤተ ክርስቲያን ጨረታ ሲሄድ «ጊቭ አፕ ነው» ትለኛለች፤ አንድ እንኳ አታቀምሰኝም። እናቴ ለማርያም የተሳለችው ጥላ ነበር፤ «እማዬ፣ ጥላውን መቼ ነው ጊቭ አፕ የምናደርገው?» ብዬ ስጠይቃት ቃሉ ደስ አላትና እሷም ለጎረቤቶቿ «የእኔ ጊቫፕ ለኅዳር ጽዮን ነው» ማለት ጀመረች። ኳሳችን ክፉ ውሻ ያለበት ግቢ የገባች ቀን ደግሞ አንዱ ልጅ መዳፉን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ «በቃ፣ ጊቭ አፕ አድርጓት» አለ። አሁን ሳስበው እዚያ የውሻው ግቢ አጥር ሥር፣ ሳናውቀው፣ ወደ እውነተኛው ትርጉም በጣም ተጠግተን ነበር።

በኅዳር የቲቸር አንጁሎ ሚስት ሞተች። ምሕረት ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ከሐዘኑ የተመለሰ ቀን ልጁን አዝሎ ነው የመጣው፤ ከሰሌዳው ሥር ኮቱን አነጠፈላትና አስተኛት። እኛ ምን እንደሚባል አናውቅም፤ ትልልቆቹ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲሉ ሰምተናል፣ ግን ለመምህር እንዴት እንዲህ ይባላል? እሱ ራሱ ገላገለን። ፊታችን ቆሞ፣ መዳፉን ከፍቶ፣ ቀስ አድርጎ እስከ ግንባሩ አነሣውና «አይ ጊቭ አፕ» አለ። ክፍሉ ሁሉ መዳፉን አነሣ። ከዚያ እሱ ጠመኔውን አውጥቶ ቀኑን ጻፈ፤ ትምህርቱም ቀጠለ።

መጋቢት ላይ አባቴ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ቀለም ሲቀባ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበረ ወፍራም የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ እኛ ቤት ተቀመጠ። አባቴ እጄን ሳልታጠብ እንዳልነካው አስምሎኛል። መጀመሪያ ስድብ ፈለግኩበት፤ ጥቂት አገኘሁ። ቀጥሎ የማውቃቸውን ቃላት እየፈለግኩ ትክክል መሆናቸውን ሳረጋግጥ «ጊቭ» ጋ ደረስኩ። ከሥሩ ባለጭራዎቹ ተደርድረዋል። «ጊቭ አፕ፦ ተስፋ ቆረጠ፤ ተወ፤ እጅ ሰጠ» ይላል።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። መምህር ተሳስቶ መያዝ፣ ያውም ያን የሚያህል ስሕተት! ነገ ለእነማን እንደምነግር በሐሳቤ መደርደር ጀምሬ ነበር። ከዚያ የኅዳሩ ቀን ትዝ አለኝ። ኮቱ ላይ የተኛችው ሕፃን፣ የተነሣው መዳፍ። በዚህ መጽሐፍ መሠረት ያ ሰው ሚስቱን ቀብሮ መጥቶ ፊታችን የቆመው «ተስፋ ቆረጥኩ» ብሎ ነው፤ እኛም እጃችንን አንሥተን ልክ ነህ ብለነዋል። መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ እንደገና እጄን ታጠብኩ።

በዚያው ሳምንት ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ተባለ። ቲቸር አንጁሎ ክረምት ክረምት ኮሌጅ ገብቶ ዲፕሎማ የሚማርበትን ዕድል ከጠየቀ ቆይቷል፤ ዕድሉን የሚያገኙት ሲያስተምሩ ታይተው የተመሰገኑት ናቸው። ይህን እኛም እናውቅ ነበር፤ እሱ ምኑንም አይደብቀንም። አንድ ጊዜ «ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ በየጠረጴዛው መዝገበ ቃላት አለ አሉ» ብሎን ያውቃል፤ አንዳንድ ሰው ስለ ሠርግ ቤት ምግብ እንደሚያወራው ነው የተናገረው። አሁን ለሱፐርቫይዘሩ የሚያሳየውን ትምህርት መርጧል፤ ባለጭራ ግስ ነው።

መንገር አለብኝ አልኩ። ለብቻው፣ ማንም ሳይሰማ። በዋዜማው ከትምህርት በኋላ ቆይቼ ስፈልገው ከባሕር ዛፎቹ ዘንድ አገኘሁት። ኮቱን አጥቦ አጥሩ ላይ አስጥቶታል፤ እሱ በዚያ ክርኑ በተቀደደ ሹራቡ ሣር ላይ ተቀምጦ ምሕረትን ጭኑ ላይ አስተኝቷታል። «ቲቸር፣ ጊቭ አፕ...» ብዬ ስጀምር ፊቱ ፈካ።

«አዎ! ነገ ጊቭ አፕ አንተን ነው የምጠይቀው» አለኝ። «ድምፅህ ጥሩ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ይሰማሃል።»

አጥሩ ላይ ያለው ኮት ውኃ ያንጠባጥባል። ልጅቷ እንዳትነቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «እሺ ቲቸር» አልኩና ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የቆጨኝ ያ «እሺ» ነው።

በማግሥቱ ዝናብ እንዲዘንብ ጸለይኩ፤ ቆርቆሮው ከጮኸ ጥያቄ የለም። ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ዋለ። ሱፐርቫይዘሩ መነጽሩን ሸሚዙ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነበር፤ ኋላ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘረጋ። ቲቸር አንጁሎ በጣም ጥሩ አስተማረ። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ለበሰ፤ ሱፐርቫይዘሩም ሁለት ጊዜ ፈገግ ብሎ ጻፈ። ከዚያ «ታደለች!» አለ። «ጊቭ አፕ!»

ተነሣሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጭንቅላት በፍጥነት ይሠራል። ስሕተቱን ብናገር ሰውዬው የሚጽፈው በቲቸር ላይ ነው። ትክክሉን ብናገር ግን፣ ሱፐርቫይዘሩ ምን ያውቃል፣ ቲቸር ያስተማረኝ ነው የሚመስለው። አድነዋለሁ አልኩ። ቲቸርን ሳላይ፣ ሰሌዳውን እያየሁ፣ በዚያ ጥሩ በተባለ ድምፄ «ተስፋ መቁረጥ» አልኩ።

ሱፐርቫይዘሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ጨርሼ ልቀመጥ ነበር። የዶርቃን ነገር ግን ረስቼው ነበር። ዘልላ ተነሣች፤ «አይደለም ቲቸር! ተሳስታለች! ለጦሳ መስጠት ነው!» አለች። በዚህ አላበቃም። መምህራችንን ሰው ፊት ላለማሳፈር ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣና መዳፉን ከፍቶ፣ እንደተማረው፣ ቀስ አድርጎ እስከ ግንባሩ አነሣ። ያ ሁሉ መዳፍ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲወጣ ከመሃል እጄን ያላነሣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን አቆመ። «መምህር፣ ያስተማርከው የትኛውን ነው?» አለ።

ማምለጥ ይችል ነበር። ልጆቹ ተሳስተው ነው ቢል ማን ይከራከረዋል? እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ ዓይኑን እያየሁ በልብ እለምነው ነበር። ቲቸር አንጁሎ እኔን አየኝ፤ የት እንዳገኘሁት፣ ትናንት ባሕር ዛፉ ሥር ለምን እንደመጣሁ ያኔ የገባው ይመስለኛል። ከዚያ ዓይኑ ከሰሌዳው ሥር፣ ኅዳር ላይ ልጁን ካስተኛባት ቦታ ላይ ትንሽ ቆየ። ጠመኔውን ኪሱ ከተተው።

«ታደለች ትክክል ነው» አለ። «እኔ ነኝ ሳላውቅ ያስተማርኩ።»

ሱፐርቫይዘሩ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም።

በማግሥቱ መዝገበ ቃላቱን ይዤ እንድመጣ ጠየቀኝ፤ አባቴም ፈቀደ። ቲቸር አንጁሎ ገጹን ቆሞ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ ሰሌዳውን በደንብ ጠርጎ ጻፈ። «ጊቭ አፕ። ቁጥር አንድ፦ ተስፋ መቁረጥ። የመዝገበ ቃላት። ቁጥር ሁለት፦ ወደ ላይ መስጠት። የሰባተኛ ቢ።» ፈተና ላይ ቁጥር አንድን እንድንጽፍ አስጠነቀቀን። «ሁለተኛውስ?» አለች ዶርቃ። «ሁለተኛው ለእኛ ነው» አላት። ስስታሙን ገበሬ ይቅርታ ያልነውም ያን ቀን ነው፤ ለካ ሰውዬው ተስፋ አልቆረጠም ነበር፣ እኛ ዓመቱን ሙሉ ስናማው ከረምን። የመሥሪያ ቤቱ ቀለም ደርቆ መጽሐፉ እስኪመለስ ድረስ ቲቸር አንጁሎ በየእረፍቱ ተቀምጦ ባለጭራ ግሶችን ወደ ደብተሩ ገለበጠ። ትንሽ ነበር የቀረው፤ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ጋ ሳይደርስ መጽሐፉ ተወሰደ።

ኮሌጅ የሚሄዱት ስም ሲመጣ የእሱ ስም አልነበረበትም። በእኔ ምክንያት ነው ያለኝ ሰው የለም፤ እሱም አላለኝም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያንኑ ሰባተኛ ክፍል አስተማረ። እኔ አድጌ፣ ሐዋሳ ገብቼ፣ ሥራዬ እንደ እሱው ቃል መፍታት ሆኖ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ወደ ሶዶ ስመጣ እጎበኘው ነበር። ሰላምታ ሳንጨርስ አንድ ባለጭራ ግስ ይጠይቀኛል፤ ካወቅኩ ይደሰታል፣ ካላወቅኩ የባሰ ይደሰታል። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሣንም። ከእሱ ቤት በወጣሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፤ ይህ ሰው ያን ቀን ቁጥር አንድ ሆኖ ይሆን? በዋዜማው «እሺ ቲቸር» ከማለት ሁለት ቃል ብናገር ኖሮ...

ባጃጁ ድንኳኑ በር ላይ አወረደኝ። ዶርቃ ቀድማኝ ከቦዲቲ መጥታለች፤ እዚያ እህል ትነግዳለች፣ ወፍራለች፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። እያለቀሰች አቀፈችኝና ገብስ እንደተወደደም እግረ መንገዷን ነገረችኝ። ምሕረት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እናቷን ሳታውቅ ያደገች ልጅ አሁን አባቷንም ቀበረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰዉ ሳሳ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እትዬ ታደለች፣ አንቺ ተርጓሚ ነሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ጠይቂኝ፣ የኔ እናት።»

«አባዬ መጨረሻ ላይ፣ ሆስፒታል፣ በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው። ‹አይ ጊቭ አፕ› አለ። ሐኪሙ ደንግጦ ‹አይዞዎት አባባ፣ ተስፋ አይቁረጡ› አለው። አባዬ ፈገግ ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።» እንባዋ መጣ። «ዕድሜውን ሙሉ ሲጸልይ የኖረ ሰው ነው። እንዴት ተስፋ ቆርጦ ይሞታል? እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

ቃሉን እንደሰማሁ ልመልስላት እችል ነበር፤ ግን ያ ሰው ቁጥር አንድንም እንደ እኔው ያውቀዋል፣ እኔ ነኝ ያሳወቅኩት። በግምት ላጽናናት አልፈለግኩም።

«ሲናገር እጁ የት ነበር?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እጁ? አዎ... ግሉኮስ ያለበትን እጁን በግድ አነሣ። ያዝነው፣ እንቢ አለ። እንዲህ አደረገ።» መዳፏን ከፈተች። ሙሉ ጣሳ እንደሚያነሣ ሰው ቀስ አድርጋ፣ ምን እያደረገች እንደሆነ ሳታውቅ፣ እስከ ግንባሯ ከፍ አደረገችው።

ዶርቃ ከድንኳኑ ማዶ ሰሐን ይዛ ቆማ ነበር። ያወራነውን አልሰማችም፤ የምሕረትን እጅ ብቻ ነው ያየችው። ሰሐኑን አስቀመጠችና መዳፏን አነሣች። «ቁጥር ሁለት!» አለች፣ እንደ ድሮው፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለምሕረት ሁሉንም ነገርኳት፤ ጣሪያውን ያየበትን ቀን፣ ገበሬውን፣ እናቷ የሞተች ጊዜ እሷ ኮቱ ላይ ተኝታ እሱ ያለንን፣ ሱፐርቫይዘሩን፣ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን። «ተስፋ ቆረጥኩ አላለም» አልኳት። «‹ሰጠሁ› ነው ያለው። ራሱን ነው የሰጠው። ሐኪሙ ሰባተኛ ቢ ስላልተማረ ነው ያልገባው።» ምሕረት እያለቀሰች ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ልክ እኔ ባጃጅ ውስጥ እንዳደረግኩት።

ሰባተኛ ቢ ዛሬ የለም፤ ባሕር ዛፎቹ ተቆርጠው በቦታው ፎቅ ተሠርቷል፣ ዝናብ ቢዘንብም የመምህር ድምፅ ይሰማል አሉ። ልጆቹ ትርጉም የሚያዩት ስልካቸው ላይ ነው፤ ወዲያው ይነግራቸዋል፣ ትክክሉንም ይነግራቸዋል፣ ጣሪያውን የሚያይ መምህር አያስፈልጋቸውም። ቁጥር ሁለትን ግን የትኛውም ስልክ ውስጥ አላገኘሁትም፤ እንደ ሞኝ ፈልጌው አውቃለሁ። የሚያውቁት እኔና ዶርቃ፣ ጥቂት የተበተኑ የክፍላችን ልጆች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ምሕረት ናቸው።

በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ተርጉሜ ብዙ ማህተም መትቻለሁ፤ እንደዚያ ቀኑ እርግጠኛ ሆኜ የተረጎምኩት የለም። ተርጉሜ ስጨርስ ግን፣ ከልጅነቴ የቀረ ልማድ ይዞኝ፣ ቀና ብዬ በድንኳኑ ውስጥ አንድ አጭር ሰው በዓይኔ ፈለግኩ። «ታደለች ትክክል ነው» የሚለኝ አልነበረም።